በብርሃን ላይ መጻፍ፦ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ቅይጥ ሞዱሌሽን

በኦገስት 1858 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለጄምስ ቡካነን የላከችው የደስታ መልእክት መቶ ቃል እንኳ አይሞላም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልእክቱ ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ወለል ላይ በተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ገመድ ለማለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጀበት። ገመዱም ብዙ ሳይቆይ ተበላሽቶ ዝም አለ። በ2019 ደግሞ ከአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ቢች ተነስቶ ስፔን ውስጥ ቢልባኦ አጠገብ በሚወጣው ማሬያ በተባለው ኬብል ላይ ሙከራ ተደረገ። በአንድ ጥንድ ፋይበር ብቻ በሰከንድ ከ26 ትሪሊዮን ቢት በላይ ማሳለፍ ተቻለ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ምስጋናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ለመስታወቱ፣ ማለትም ፋይበሩ ለተሠራበት የመስታወት ክር ነው። ለመስታወቱም ይገባዋል። ነገር ግን ማሬያ ሲነደፍ ለእያንዳንዱ ጥንድ የታሰበለት 20 ትሪሊዮን ቢት ነበር። ኬብሉ አንዴ ባሕር ውስጥ ከገባ በኋላ ፋይበሩን የነካው የለም፤ የተለወጠው በሁለቱ ዳርቻ የተቀመጠው መሣሪያና መልእክቱን በብርሃን ላይ የሚጽፍበት ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ሞዱሌሽን ይባላል። እዚህ የምከተለው የሞዱሌሽንን ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙ ያልተወራለትን ክፍል ነው፦ አንዱን ዘዴ መርጦ ሌላውን ከመተው ይልቅ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ የማቀላቀልን ሐሳብ። በእኔ እምነት ይህ ብልሃት የእጥረት ልጅ ነው። ጠባቡ የመዳብ ሽቦ የወለደውን ብልሃት ሰፊው ፋይበር ለ30 ዓመት ያህል አልፈለገውም ነበር፤ ሲጠበው ግን ተመልሶ ሄዶ ተማረው።

የማቀላቀሉ ሐሳብ ከፋይበር ቀርቶ ከስልክም ይቀድማል። በ1874 ቶማስ ኤዲሰን በአንድ ሽቦ ላይ በአንድ ጊዜ አራት መልእክት የሚያሳልፍ ኳድሩፕሌክስ የተባለ ቴሌግራፍ ሠራ። ከሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ መላክ ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር፤ የኤዲሰን ድርሻ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መልእክት ማሳለፉ ነው። አንደኛው ቴሌግራፈኛ ቁልፉን ሲጫን የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሁለተኛው ሲጫን ጉልበቱ ይጨምራል። በወዲያኛው ጫፍ ሁለት ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ መክፈቻና መዝጊያዎች፣ ይጠብቃሉ። አንዱ የሚያየው አቅጣጫን ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ቢጨምር ቢቀንስ ግድ የለውም። ሌላው በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚንቀሳቀሰው ጉልበት ሲበዛ ብቻ ነው፤ አቅጣጫው ቢገለበጥ አያውቅም። ችግሩ የሚነሳው አቅጣጫው በሚገለበጥባት ቅጽበት ነው። ኤሌክትሪኩ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ሲሻገር በዜሮ ማለፉ ስለማይቀር፣ ሁለተኛው ሪሌ ጉልበቱ የጠፋ መስሎት ይለቅና መልእክቱን ያበላሻል። ኤዲሰንን ብዙ ያደከመው ይህችን ቅጽበት መሸፈን ነበር። ዛሬም ሁለት ሞዱሌሽን በአንድ መስመር ላይ የሚያኖር መሐንዲስ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው፤ አንዱ ሲለዋወጥ ሌላው እንዳይረበሽ።

ዌስተርን ዩኒየን ለተባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ ይህ ማለት አዲስ ምሰሶ ሳይተክሉ፣ አዲስ ሽቦ ሳይዘረጉ የመስመሩን አቅም ማባዛት ነበር። ኤዲሰን ግን መብቱን ጄይ ጉልድ ለተባለው የኩባንያው ተቀናቃኝ ከበርቴ ሸጠው፤ የባለቤትነቱ ክርክርም ፍርድ ቤት ለዓመታት ተጓተተ። ያን ያህል የተጣሉበት ነገር ብረት ወይም መሬት አልነበረም። በተዘረጋ ሽቦ ላይ የተሻለ አጻጻፍ ነበር።

በ1920ዎቹ ሃሪ ናይኪስትና ራልፍ ሃርትሊ አንድ መስመር በሰከንድ ስንት ምልክት ሊያሳልፍ እንደሚችል አሰሉ። በ1948 ደግሞ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሚሠራው ክሎድ ሻነን ነገሩን በአንድ ቀመር ቋጨው። እንደ ቀመሩ የመስመርን አቅም የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የባንድዊድዙ፣ ማለትም መስመሩ የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ሲግናሉም ከኖይዙ፣ ማለትም ከረብሻው፣ በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ። ሁለቱ ግን እኩል አይከፍሉም። ሲግናሉ ከኖይዙ ያለው ብልጫ ሳይቀንስ ባንድዊድዙን እጥፍ ያደረገ ሰው አቅሙን እጥፍ ያደርጋል። ጉልበቱን እጥፍ ያደረገ ሰው የሚያገኘው በእያንዳንዱ ምልክት ላይ አንድ ተጨማሪ ቢት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። ባንድዊድዝ የተረፈው ሰው ብልሃት አያስፈልገውም፤ ባንድዊድዝ ያጠረው ሰው ግን እያንዳንዷን ቢት በጉልበትና በጥበብ መግዛት አለበት።

ባንድዊድዝ ያጠረው የስልክ ሽቦው ነበር። ለሰው ድምፅ የተመደበው መተላለፊያ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሮችን በስልክ መስመር ለማገናኘት የተነሱ መሐንዲሶች በጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ እንግዳ ማሳደር ነበረባቸው። በ1960 የሞገዱን ከፍታና ፌዙን፣ ማለትም ሞገዱ በዑደቱ ላይ የደረሰበትን ቦታ፣ አንድ ላይ እየለዋወጡ መጻፍ እንደሚቻል የሚያሳዩ ጥናቶች ወጡ። ኳም የሚባለው የሞዱሌሽን ቤተሰብ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1982 በዙሪክ የአይቢኤም ተመራማሪ ጎትፍሪድ ኡንገርቦክ ሞዱሌሽኑንና የስህተት ማረሚያ ኮዱን እንደ አንድ ሥራ አድርጎ የሚነድፍ ዘዴ አሳተመ። በ1994 የወጣው ቪ-34 የተባለው የሞደም ደረጃ በዚያው የድምፅ መስመር 28,800 ቢት በሰከንድ አሳለፈ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ሞደሙ ሲገናኝ የሚያሰማውን ጩኸት አይረሳውም። ጩኸቱ ትርጉም ነበረው፤ ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን እየፈተሹ ስንት እንደሚሸከም የሚመዝኑበትና የሚስማማቸውን አጻጻፍ የሚመርጡበት ሰዓት ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኤዲኤስኤል ከዚህም አልፎ ሄደ። የመዳቡን ባንድዊድዝ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ከፋፍሎ፣ ንጹሑ መስመር ላይ በአንድ ምልክት እስከ 15 ቢት ይጭናል፤ ኖይዝ የበዛበት ላይ ሁለት ወይም ሦስት፤ የባሰበትን ባዶውን ይተወዋል። በአንድ ሽቦ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሞዱሌሽን ጎን ለጎን የሚሠራበት ቅይጥ በእያንዳንዱ ቤት የገባው በዚህ መልክ ነው።

ወደ መስታወቱ እንመለስ። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በ1966 እንግሊዝ አገር ሃርሎ ከተማ በሚገኝ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም፣ የመስታወት ክር ብርሃንን ሩቅ የማያደርሰው ቆሻሻ ስላለበት እንጂ በተፈጥሮው እንዳልሆነ ጻፉ፤ ብክነቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል (የጉልበት መጨመርና መቀነስ መለኪያ) በታች ቢወርድ ለስልክ አገልግሎት ይበቃል አሉ። የዚያ ዘመን መስታወት በኪሎ ሜትር 1,000 ዴሲቤል ያህል ያባክን ስለነበር ብዙዎች አላመኑዋቸውም። በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ባልደረቦች ሮበርት ሞረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ 17 ዴሲቤል አስመዘገቡ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የጃፓን ተመራማሪዎች 0.2 ዴሲቤል ደረሱ። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ዓለም አስቀድሞ በእሱ ክር ተሳስሮ ነበር።

በ1988 አሜሪካን፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ያገናኘው ታት-8 የመጀመሪያው የአትላንቲክ ፋይበር ኬብል ሆነ። በሰከንድ 280 ሚሊዮን ቢት በአንድ ጥንድ ያሳልፍ ነበር፤ 40,000 የስልክ ንግግር ይሸከማል ተባለለት። አጻጻፉ ግን ከአጻጻፍ ሁሉ የቀለለው ነው። ብርሃን ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። የስልክ ሞደም ከፍታንና ፌዝን አቀናጅቶ በሚጽፍበት ዘመን፣ የዓለም ትልቁ የመገናኛ መስመር መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት ባለ ዘዴ ይሠራ ነበር። ይህን ስንፍና ብሎ መፍረድ አይገባም። የዚያ ጊዜ ሌዘር ፌዙ ስለሚዋልል በእሱ ላይ መጻፍ በሚዋዥቅ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ የመጻፍ ያህል ነበር። ደግሞም ፋይበሩ ባንድዊድዝ ተርፎት ነበር፤ በጠባቡ ቤት ያሉት ሰዎች ጭንቀት እዚያ አልደረሰም።

በ1980ዎቹ የሞከሩ ሰዎች አልጠፉም። በጃፓን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ኮኸረንት የተባለው ዘዴ ይጠና ነበር። ተቀባዩ ጋ ሌላ ሌዘር ይቀመጥና ብርሃኑ ከሚመጣው ብርሃን ጋር ይደባለቃል፤ ከሁለቱ መደባለቅ የመጪው ሞገድ ከፍታም ፌዙም ይነበባል። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታካኖሪ ኦኮሺና ካዙሮ ኪኩቺ በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል። ዋናው ዓላማ ደካማ ሲግናልን ማንበብና በማደሻ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት ማራዘም ነበር። ከዚያ በ1987 ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና ከቤል ላብስ የኤርቢየም ማጉያ መጣ። ኤርቢየም የተባለው ንጥረ ነገር የተጨመረበት ጥቂት ሜትር ፋይበር ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ እዚያው በብርሃንነቱ ያጎላዋል፤ ያውም ብዙ ቀለማትን በአንድ ጊዜ። ደካማ ሲግናል የማንበብ ችግር በአንድ ጊዜ ተቃለለ፤ ኮኸረንትም ወደ መደርደሪያ ተመለሰ። የዘጠናዎቹ ዘመን በአንድ ፋይበር ውስጥ የብርሃን ቀለማትን የመደርደር ዘመን ሆነ። አቅም ሲያጥር ቀለም ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ቀለም ግን ያው እየበራ እየጠፋ ነው።

ይህ መንገድ የተዘጋው ፍጥነቱ በአንድ ቀለም ከ10 ወደ 40 ጊጋቢት በሰከንድ ለመውጣት ሲሞክር ነው። በመስታወት ውስጥ የተለያዩ ቀለማት በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ፣ አንዲት አጭር የብርሃን ምት ርቀት ስትሄድ ተዘርግታ ጎረቤቷ ላይ ትወጣለች። ምቱን በአራት እጥፍ ያሳጠረ ሰው መዘርጋቱን የመቻል አቅሙ በ16 እጥፍ ይቀንስበታል። የኬብል ባለቤቶች ማካካሻ ፋይበር በጥቅል በጥቅል እየሰኩ ታገሉት። መሐንዲሶች ፌዝን ከቀዳሚው ምልክት ጋር ብቻ እያነጻጸሩ የሚያነቡ መካከለኛ ዘዴዎችን ሞከሩ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ረዳ፤ አንዱም ችግሩን አልፈታውም።

የፈታው የኮምፒዩተር ቺፕ ነው። በ2004 ገደማ ኮኸረንት እንደገና ከመደርደሪያ ሲወርድ አዲስ ጓደኛ ይዞ ነበር። የተደባለቀው ብርሃን በፍጥነት ወደ ቁጥር ይለወጥና የቀረው ሥራ በሒሳብ ይሠራል። የሌዘሩ መዋለል፣ የምቱ መዘርጋት፣ የብርሃኑ መርገብገቢያ አቅጣጫ (ፖላራይዜሽን) መዞር፣ ሁሉም በቁጥር ይሰላል፤ በቁጥርም ይመለሳል። በ2008 የካናዳው ኖርቴል ይህን ዘዴ ለገበያ አቀረበ። በዲሴምበር 2009 ደግሞ የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ቬራይዘን በኖርቴል መሣሪያ በፓሪስና በፍራንክፈርት መካከል በአንድ ቀለም 100 ጊጋቢት በሰከንድ የሚያሳልፍ መስመር ሥራ ላይ አዋለ። የሚያሳዝነው፣ ኖርቴል ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ የፋይበር ክፍሉን ሲዬና የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ። ፋይበሩ ከዚህ በኋላ የሞደም ተማሪ ሆነ። ኳም፣ የስህተት ማረሚያ ኮድ፣ መስመርን መፈተሽ፣ የመዳብ ሽቦ ያፈራው ሁሉ በሚሊዮን እጥፍ ፍጥነት እንደገና ተነበበ።

እዚህ ላይ ስክሪኑን ቀረብ ብለን እንየው። መሐንዲሱ የሚያየው ኮንስቴሌሽን የሚባል ሥዕል ነው። አንድ ምልክት በመጣ ቁጥር በስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ይወድቃል፤ ከመሐሉ ያለው ርቀት ከፍታውን፣ የዞረበት አንግል ፌዙን ይናገራል። ባለ 4 ነጥቡ ዘዴ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ኪውፒኤስኬ፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ብዥ ያሉ ጉብታዎች ይሠራል፤ እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ቢት ይይዛል። ባለ 16 ነጥቡ ኳም አራት በአራት ተደርድሮ አራት ቢት፣ ባለ 64ቱ ስምንት በስምንት ተደርድሮ ስድስት ቢት ይይዛል። የጉብታው ብዥታ ኖይዝ ነው። ነጥቦቹ ሲበዙ ይቀራረባሉ፤ ብዥታው ከጎረቤቱ ጋር ሲነካካ ተቀባዩ ይሳሳታል። ነጥቦቹ እንዳይቀራረቡ ከተፈለገ ሥዕሉ በጠቅላላ መስፋት አለበት፤ መስፋት ደግሞ ጉልበት ነው። ከ4 ወደ 16 ነጥብ ለመውጣት 5 እጥፍ፣ ከ16 ወደ 64 ለመውጣት 4.2 እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በሁለቱ የመርገብገቢያ አቅጣጫዎች ላይ ለየብቻ ስለሚጻፍ፣ ሦስቱ ደረጃዎች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ በቅደም ተከተል 100፣ 200 እና 300 ጊጋቢት ይሰጣሉ። ርቀቱ ግን በእያንዳንዱ ደረጃ በብዙ እጥፍ ያጥራል። የመጀመሪያው ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ የመጨረሻው ከአንድ ክልል የሚያልፈው በጭንቅ ነው።

ችግሩ አገር በደረጃ አለመከፈሉ ነው። ከተሞች የተራራቁት መሐንዲስ ሳይጠይቁ ነው። አንዱ መስመር ለ200 ጊጋቢት ጥቂት ሲጎድለው ወደ 100 ይወርዳል፤ የተረፈው አቅምም ሳይነካ ይቀራል። በኩንታል እንጂ በኪሎ የማይሸጥ ነጋዴ ዘንድ ኩንታል ተኩል የፈለገ ሰው ወይ አንድ ወስዶ ይጎድልበታል፣ ወይ የሁለት ከፍሎ ይቸገራል። ባለ 8 እና ባለ 32 ነጥብ ኳሞች በመካከል አሉ፤ ነገር ግን ነጥቦቻቸው በካሬ መልክ ስለማይደረደሩ ለመሥራትም ለማንበብም ያስቸግራሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ደረጃዎች ናቸው።

በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተለያዩ ቡድኖች ያቀረቡት መልስ የኤዲሰንን መንፈስ የሚያስታውስ ነው። በአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የዢያንግ ጆው ቡድን ባለ 32 እና ባለ 64 ነጥብ ኳምን በአንድ የብርሃን ቀለም ላይ በጊዜ እያፈራረቀ ላከ። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ በማጊል ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሐሳብ ላይ ተሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ምልክቶቹ አራት አራት እየሆኑ በትንንሽ ማዕቀፍ ይቀመጣሉ እንበል። በእያንዳንዱ ማዕቀፍ ሁለቱ ባለ 4 ነጥብ፣ ሁለቱ ባለ 16 ነጥብ ከሆኑ፣ አማካዩ በምልክት ሦስት ቢት ይሆናል። ሦስቱ ባለ 16፣ አንዱ ባለ 4 ቢሆን ሦስት ተኩል። ማዕቀፉን ማርዘም የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ክፍልፋይ ያገኛል። ተቀባዩ ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ እያንዳንዱን ምልክት በየራሱ ሥዕል ያነበዋል።

ነገሩ በወረቀት ላይ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም ዓይነት ምልክቶች በእኩል ጉልበት ቢላኩ ባለ 4ቱ ሳይሳሳት ይተርፈዋል፤ ባለ 16ቱ ደግሞ በስህተት ይጥለቀለቃል። የስህተት ማረሚያው ኮድ ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለሚያርም የአንዱ ድካም የሁሉም ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበት ከሚበቃው ተወስዶ ለሚያንሰው ይሰጣል፤ የሁለቱ ስህተት እስኪቀራረብ ድረስ የጉልበቱ ምጥን ይስተካከላል። ባለ 4 ነጥቡ ሌላ ጥቅምም ያመጣል። ነጥቦቹ የተራራቁ በመሆናቸው የሌዘሩን ፌዝ መዋለል በእነሱ ላይ መከታተል ይቀላል፤ በመሐላቸው ያሉት ጥቅጥቅ ያሉ ምልክቶችም በዚያ ክትትል ይጠቀማሉ። በስክሪኑ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው በ16ቱ ጉብታዎች መካከል አራት የደመቁ ጉብታዎች ተሰክተው ያገኛል፤ ማን ከየትኛው እንደሆነ የሚናገረው ጊዜው ብቻ ነው።

ማቀላቀሉ በጊዜ ብቻ አልተወሰነም። በአንዱ የመርገብገቢያ አቅጣጫ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት መላክ ይቻላል። አንዱን የብርሃን ቀለም ወደ ቀጫጭን ንዑሳን ቀለማት ከፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ መጫንም ይቻላል፤ ይህ የኤዲኤስኤል ልጅ ነው። በጃፓኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ ማሳሂኮ ጂኖና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ መጨረሻ ከዚህ ሰፋ ያለ ሐሳብ አቀረቡ። አውታረ መረቡ ራሱ ለእያንዳንዱ መንገድ እንደ ርቀቱና እንደ ጭነቱ ሞዱሌሽንም የቀለም ስፋትም ይቁረጥለት አሉ። በ2012 ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት የቀለማቱን አመዳደብ ደረጃ አሻሽሎ፣ 50 ወይም 100 ጊጋኸርዝ የነበረው ቋሚ ስፋት በ12.5 ጊጋኸርዝ እየተሸነሸነ እንዲመደብ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ቋሚው የቀለም ስፋት ማቀላቀልን የሚገታበት ዘመን አለፈ።

በ2015 ግን ከሙኒክ ሌላ ነገር መጣ። በሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጌኦርግ ቦኸረር፣ ፋቢያን ሽታይነርና ፓትሪክ ሹልቴ፣ ሁሉንም 64 ነጥቦች እየተጠቀሙ ነገር ግን እኩል አለመጠቀም የሚቻልበትን ቀላል ዘዴ አሳተሙ። ወደ መሐል ያሉት፣ ጉልበት የማይበሉት ነጥቦች ብዙ ጊዜ ይላካሉ፤ በዳር ያሉት ውድ ነጥቦች አልፎ አልፎ። ይህ ዘዴ ፕሮባብሊስቲክ ሼፒንግ ይባላል። ሐሳቡ ብቻውን አዲስ አልነበረም፤ የ1994ቱ ቪ-34 ሞደም ነጥቦቹን በዚህ መንፈስ ይቀርጽ ነበር፤ ፍራንክ ክሺሻንግና ሱባራያን ፓሱፓቲም በ1993 ሒሳቡን አስቀምጠዋል። የጎደለው ነጥቦቹን መቅረጽን ከስህተት ማረሚያው ጋር ሳይጣሉ የሚያኖር አሠራር ነበር። ሙኒኮች ቅርጹን ከኮዱ በፊት ሠርተው፣ ኮዱ የሚጨምራቸውን ቢቶች ነጥቡ በፖዘቲቭ ወይስ በኔጌቲቭ ወገን እንደሚወድቅ በሚወስነው ቢት ላይ ብቻ አሳረፏቸው፤ ቅርጹ ሳይነካ ቀረ። ከዚህ ዘዴ የሚገኘው ትርፍ ቢበዛ 1.53 ዴሲቤል ነው። ለውጭ ሰው ኢምንት ይመስላል። በውቅያኖስ ኬብል ላይ ግን እያንዳንዷ አስረኛ ዴሲቤል የምትለካ ናት። በ2017 ኖኪያና ፌስቡክ ከኒውዮርክ አየርላንድ 5,500 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ኬብል ላይ ይህን ዘዴ ሲሞክሩ በእያንዳንዱ ኸርዝ 7.46 ቢት በሰከንድ ማሳለፍ ችለዋል።

ሼፒንግ ሲመጣ በጊዜ የማቀላቀሉ ዘዴ ሞተ ያሉ ነበሩ። በረጅም ርቀት መስመር ላይ ሼፒንግ እንዳሸነፈ አልክድም፤ ክፍልፋዩን ያለ ማዕቀፍ፣ ከዚያም ላይ ተጨማሪ ትርፍ ይሰጣል። ግን ሥሩን ላየ ሰው ሼፒንግ ራሱ የቅይጥ መጨረሻ ነው። ቅይጡ ሁለት ሥዕሎችን በምጥን ያደባልቃል፤ ሼፒንግ በአንድ ሥዕል ውስጥ የነጥቦቹን ድርሻ በምጥን ያደባልቃል። ሁለቱም የሚክዱት አንድ ነገር ነው፤ መስመር ወይ ይህ ወይ ያ መሆን አለበት የሚለውን።

ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ትርፍ ጥቂት ነው። በፋይበር ላይ ጉልበት ሲጨመር መስታወቱ ራሱ መልኩን መለወጥ ይጀምራል፤ የብርሃኑ ብርታት ፌዙን ያዛባል፣ አንዱ ቀለም ሌላውን ይረብሻል፤ ከአንድ ደረጃ በላይ ጉልበት መጨመር አቅምን ይቀንሳል። ስለዚህ አዳዲስ ኬብሎች ክሩን ማብዛት ይዘዋል። የጉግል ዱናን 12 ጥንድ ይዟል፤ አፍሪካን የሚዞረው ቱአፍሪካ እስከ 16 ጥንድ። በላቦራቶሪ ያሉት ደግሞ ቀለም ያሰፋሉ። የጃፓኑ የምርምር ተቋም ኤንአይሲቲ ከአጋሮቹ ጋር በ2024 በተራ ፋይበር ላይ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ በሰከንድ 402 ትሪሊዮን ቢት አሳልፏል።

ብልሃቱ ያልጨረሰው ሥራ ግን ሌላ ቦታ አለ፤ ለኢትዮጵያ አንባቢም የሚቀርበው ያ ነው። አገራችን ወደብ አልባ እንደ መሆኗ ከባሕር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡሩ መንገድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ርቀት ባለ 4 ነጥቡ ተርፎት የሚያልፈው፣ ባለ 64ቱ አብዛኛውን ጊዜ የማይዘልቀው፣ ልክ በደረጃዎቹ መካከል የሚወድቅ ርቀት ነው። ቆፍሮ አዲስ ፋይበር መቅበር የውጭ ምንዛሪ፣ የመንገድ ፈቃድና የዓመታት ጉዳይ በሆነበት አገር፣ በተቀበረው ላይ መሐከለኛውን አቅም ማውጣት ለሀብታም ኩባንያ ከሚሰጠው ጥቅም በብዙ ይበልጣል።

ቤት ድረስ በሚገባው ፋይበር ላይ ደግሞ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። በከተሞቻችንም የተለመደው ጂፖን የተባለው ዘዴ የአንዱን ፋይበር ብርሃን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍላል፤ የሚጽፈውም እንደ ታት-8 በማብራትና በማጥፋት ነው። ከማዕከሉ አጠገብ ያለው ቤት ጠንካራ ሲግናል ይደርሰዋል፤ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ቤት ደካማ። ለሁለቱም የሚጻፈው ግን በዚያው ለደካማው በተመጠነ አጻጻፍ ነው፤ የቅርቡ ትርፍ ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል። ኖኪያ ቤል ላብስ ከ2020 ወዲህ እያሳየ ያለው ተለዋዋጭ ዘዴ ይህን ይለውጣል። ለቅርቡ ቤት በአራት የብርሃን ደረጃ፣ ለሩቁ በሁለት፣ በአንዱ ፋይበር ላይ በማይክሮ ሰከንዶች ልዩነት እየተፈራረቀ ይጻፋል። ከቅርቦቹ የተረፈው ጊዜ ለሩቆቹ ይደርሳል። በ2021 ጀርመን ውስጥ ኤሽቦርን በሚገኘው የቮዳፎን ላቦራቶሪ በአንድ ቀለም 100 ጊጋቢት በሰከንድ በዚህ መንገድ ተሞክሯል። አሁን የቀረው ደረጃ አውጪዎቹ ኮሚቴዎች የሚቀጥለውን የቤት ፋይበር ትውልድ ሲጽፉ ለሁሉም አንድ ሞዱሌሽን ከማዘዝ ይልቅ ቅይጡን እንዲፈቅዱ ማድረግ ነው።